ከኋላዬ ክላክስ አይቋረጥም

የዛሬዋ ጠያቂያችን ስሟ እንዳይወጣ ትፈልጋለች። ደብዳቤዋ ረዘም ስለሚል አሳጥረነዋል።

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እናቴ ደብረ ብርሃን ስላለች በየወሩ እየሄድኩ እጠይቃታለሁ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ የምነዳው ቪትዝ ነው። ችግሬ ቀስ ብዬ መንዳቴ ነው። ሰንዳፋን ካለፍኩ በኋላ እንኳ 50 ነኝ፣ ቢበዛ 60። ከኋላዬ ክላክስ አይቋረጥም። ሚኒባሶቹ መብራት ያበሩብኛል። አንዳንዱ ጎኔ ደርሶ በመስኮት ይሰድበኛል። አንዳንዴ ሲቀድሙኝ እልህ ይይዘኝና እኔም ነዳጅ እሰጣለሁ። ባለቤቴ የኔ ተቃራኒ ነው። ከፊቱ መኪና ካለ ሳይቀድም እረፍት የለውም። እሱ ሲነዳ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሄደው። እሱ ደግሞ ‹አደጋ የምታመጪው አንቺ ነሽ፣ ሰው የሚያስገድል ቀርፋፋ ሹፌር ነው› ይለኛል። ባለፈው ‹ከኋላ ለማጅ የሚል ለጥፊ› ብሎ ሳቀብኝ። እውነት ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ? ልለጥፍስ እንዴ?»

እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ ዓይኔ ተተክሎ የቀረው አንድ ቦታ ላይ ነው። «ሲቀድሙኝ እልህ ይይዘኝና እኔም ነዳጅ እሰጣለሁ» ያልሽው ላይ። 50 መንዳትሽን፣ ክላክሱን፣ ስድቡን ለጊዜው እንተወውና ከዚያ እንጀምር። ባለቤትሽ መቆጣት ካለበት በዚህ ነበር። ሳትነግሪው ቀርተሽ ይሆናል።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ሚኒባስ ሊቀድምሽ ወጣ እንበል። አንቺ 50 ላይ ነሽ፣ እሱ 80 ላይ። ከኋላሽ 20 ሜትር ላይ ሆኖ ይወጣል፣ ያልፍሻል፣ ከፊትሽ 20 ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ወደ መስመሩ ይገባል። የሁለታችሁ መኪና ርዝመት ሲጨመርበት ወደ 50 ሜትር ሊበልጥሽ ይገባል ማለት ነው። ይህን ለማድረግ ስድስት ሰከንድ ይበቃዋል። በስድስት ሰከንድ 130 ሜትር ይሄዳል። ከወዲያ በኩል የሚመጣ መኪና ካለና እሱም 80 ከሆነ፣ ያም 130 ሜትር ይበላል። እንግዲህ ሚኒባሱ ሲወጣ ከፊቱ 260 ሜትር ባዶ መንገድ፣ ለመተንፈሻ ደግሞ ትንሽ ትርፍ ያስፈልገዋል። 350 ሜትር ካየ ይወጣል፤ ስህተትም አልሠራም።

አሁን አንቺ እልህ ያዘሽና ነዳጁን ረገጥሽ። 70 ገባሽ። በመካከላችሁ ያለው ልዩነት ከ30 ወደ 10 ወረደ። ያው 50 ሜትር አሁን 18 ሰከንድ ይፈጃል። በ18 ሰከንድ እሱ 400 ሜትር ይሄዳል፣ ከወዲያ የሚመጣውም 400። የሚያስፈልገው ባዶ መንገድ 800 ሜትር ሆነ። ሲወጣ ያየው 350 ነበር። የጎደለውን ከየት ያመጣዋል?

ሰውየው ፍሬን ይዞ ከኋላሽ ይመለስ ትይ ይሆናል። ትቶት የወጣውን ቦታ ግን ከኋላው የነበረው መኪና ሞልቶታል። ከፊቱ ሌላ መኪና እየመጣ ነው፣ በቀኙ አንቺ አለሽ። መሪውን ወዴት ያዞራል? ብዙ ጊዜ ወደ ቀኝ ነው የሚያዞረው፤ ማለትም ወዳንቺ። ሚኒባሱ ውስጥ ደግሞ ሹፌሩ ብቻ አይደለም ያለው። በእልሁ ምንም ያልገቡበት አሥራ ምናምን ሰዎች አሉ።

የሚቀድመው ሹፌር ለመውጣት የሚወስነው በያዝሽው ፍጥነት ነው። ከወጣ በኋላ ፍጥነትሽን መቀየር ቃልን እንደማጠፍ ነው። መንጃ ፈቃድ ስናወጣ ሁላችንም ተምረነዋል፦ የሚቀደም ሹፌር ቀኙን ይይዛል፣ ፍጥነት አይጨምርም። ፈተናው ላይ ሁላችንም በትክክል መልሰናል። አስፋልቱ ላይ ሲደርስ ነው የሚጠፋብን።

ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ? ከጎንሽ መውጣቱን በስፖኪዮ ስታዪ እግርሽን ባለበት ያዢው። ወደ ቀኝ ጠጋ በይ፤ ከአስፋልቱ ግን አትውረጂ። መንገዱ ጠቦት መውጣት አቅቶት ካየሽ ዓይንሽን አፍንጫው ላይ አድርጊ። የመኪናው አፍንጫ ከፊት ጎማሽ ካለፈ እግርሽን ከነዳጁ አንሺ፣ ካስፈለገም ፍሬን ነካ ነካ አድርጊና ከፊትሽ ቦታ ክፈቺለት። ገና ከኋላ በርሽ አጠገብ ከሆነ ግን ፍሬን አትያዢ። እሱም ወደ ኋላ ሊመለስ ፍሬን እየያዘ ነውና እኩል ከቀነሳችሁ ጎን ለጎን እንደሆናችሁ ትቀራላችሁ። ፍጥነትሽን ጠብቀሽ ሂጂና እሱ ከኋላሽ ይግባ። ይህን ማንም አላስተማረሽ ይሆናል፤ የሚያስተምሩም ጥቂት ናቸው።

ስድቡስ? ይስደብ። መስኮትሽን ዝጊና ሬዲዮሽን ስሚ። ሸኖ ሳይደርስ ረስቶሻል።

አሁን ወደ 50ው እንምጣ። እዚህ ላይ ለባለቤትሽ ግማሹን ሐቅ ልስጠው። በሰንዳፋ፣ በአለልቱ፣ በሸኖ ከተማ ውስጥ 50 ብዙ ነው። ገበያ ቀን ሲሆንማ አህያው፣ በጉ፣ ጋሪው፣ እህል የተሸከመው ሰው ሁሉ አስፋልቱ ላይ ነው፤ ከዚያም በታች ውረጂ፣ ማንም ክላክስ ቢያደርግብሽ አትስሚው። ልጆች ከትምህርት ቤት በሚወጡበት ሰዓትም እንዲሁ። ጫጫ አካባቢ ባለው ሜዳ፣ መንገዱ እስከ ሩቅ እየታየ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ አስፋልቱ ደርቆ 50 ስትሄጂ ግን ከኋላሽ የሚመጣው ሁሉ አንቺን መቅደም ግድ ይሆንበታል። አቅም ያለው ሁሉ በየተራው በተቃራኒ መስመር ይወጣል። ካንቺ ላይ ለመዝለል የሚሞክር አንድ ሞኝ ከመካከላቸው አይጠፋም። የሞኙ ጥፋት የሞኙ ነው፤ ዕድሉን ያበዛሽለት ግን አንቺ ነሽ። መንገዱ በሚፈቅድበት 65፣ 70 ብትገቢ ከኋላሽ ካለው ወረፋ ግማሹ መቅደሙን ይተወዋል። ሚኒባሶቹን ለማስደሰት ብዬ አይደለም። በተቃራኒ መስመር የሚወጣ መኪና ባነሰ ቁጥር ለአንቺም ይሻልሻል።

70 ያስፈራኛል ካልሽም አልፈርድብሽም። ፈርቶ በፍጥነት ከሚነዳ ሰው ተረጋግቶ ቀስ የሚል ይሻላል። ያኔ ግን አንድ ዕዳ አለብሽ፤ መንገድ መልቀቅ። በስፖኪዮሽ ሦስት አራት መኪና ተከማችቶ ካየሽ ሰፊ ቦታ ፈልጊ። ነዳጅ ማደያ፣ የከተማ መግቢያ፣ አውቶቡስ የሚቆምበት ገባ ያለ ቦታ ይሆናል። የቀኝ ፍሬቻሽን ቀደም ብለሽ አብሪ፣ ፍጥነትሽን ቀስ እያልሽ ቀንሺ፣ ሙሉ በሙሉ ከአስፋልቱ ውጪ። ግማሹን ጎማ አስፋልት ላይ፣ ግማሹን ጠጠር ላይ አድርጎ መሄድ ግን የለም። አስፋልቱ ከጠርዙ በአንድ ስንዝር ከፍ ያለባቸው ቦታዎች አሉ፤ ጎማ ከዚያ ወርዶ በፍጥነት ሊመለስ ሲል መኪናው ይወረወራል። ወረፋው ሲያልፍ መስታወቱን አይተሽ ተመለሺ። ሁለት ደቂቃም አይፈጅ። ሸኖ ላይ ከሆነ ደግሞ ለእናትሽ ለጋ ቅቤ ገዝተሽ ትመለሻለሽ፤ መቼም ደብረ ብርሃን ባዶ እጅ አይኬድም።

ስለ ክላክሱ አንድ ነገር ልበል። በኛ አገር መንገድ ክላክስ ሁሉ ስድብ አይደለም። አጭር፣ አንዴ ጢጥ የምትለዋ «እየመጣሁ ነው፣ እንዳትደነግጪ» ናት። ጨዋ ሹፌር ነው የሚያደርጋት። እጁን ክላክሱ ላይ ጭኖ የሚጮኸው ሌላ ነው። ሁለቱን ለይተሽ ስሚ። የመጀመሪያውን እንደ ሰላምታ ውሰጂው፣ ሁለተኛውን እንዳልሰማሽ እለፊው። ከፊት ለፊትሽ የሚመጣ መኪና መብራት ብልጭ ሲያደርግብሽ ደግሞ ለመተርጎም አትቸኩዪ። «ትራፊክ አለ» ሊሆን ይችላል። «ከብት አለ» ሊሆን ይችላል። «መብራትሽን ዝቅ አድርጊ» ወይም «እኔ ልለፍ» ሊሆን ይችላል። የትኛውም ቢሆን መልሱ አንድ ነው፤ እግርሽን ከነዳጁ አንሺ።

አሁን ደግሞ ከዚህ በታች ያለውን ለባለቤትሽ አንብቢለት። መሪ ይዞ እያለ ግን አይደለም። ሲቀድምማ በፍጹም እንዳትጮኺበት፤ አሥር ሰከንድ ዝም በይና ከተመለሰ በኋላ ተናገሪ። ከሁሉ የሚሻለው ቤት ውስጥ፣ ቡና ላይ ነው።

ወንድሜ፣ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። በአማካይ 50 የሚሄድ ሰው ሁለት ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይፈጅበታል። 70 ቢሆን አንድ ሰዓት ከ51 ደቂቃ። 45 ደቂቃ አተረፈ፤ ጥሩ ነው። 90 ቢያደርገው ተጨማሪ 25 ደቂቃ ያተርፋል። 110 ቢያደርገው ደግሞ ሌላ 16 ደቂቃ። ትርፉ እየቀነሰ ሲሄድ አደጋው ግን እየጨመረ ነው። ከ70 ወደ 110 ስትወጣ ፍሬንህ ማቆም ያለበት ጉልበት ሁለት ተኩል እጥፍ ይሆናል። ደግሞ በዚያ መንገድ 110ን በአማካይ የሚሄድ የለም። አንድ አይሱዙ ቀድመህ ስትሮጥ ቀጣዩ ከተማ ላይ ከበግ መንጋ ኋላ ቆመህ ያው አይሱዙ ይደርስብሃል። ስንቴ አይተኸዋል?

የምትነዳት መኪናም አስብላት። የቪትዝ ሞተር አየር በግፊት የሚያስገባለት ቱርቦ የለውም፤ የሚሠራው ራሱ በሚስበው አየር ነው፣ አየሩ ደግሞ ከፍ ባልክ ቁጥር ይሳሳል። ከባሕር ወለል በላይ በየ1000 ሜትሩ እንዲህ ያለ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ያጣል። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ትንሿ መኪናህ እዚያ ስትደርስ ከፋብሪካ ከወጣችበት ጉልበት ሩብ ያህሉ የለም። አራት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ ጭነህ ዳገት ላይ ለመቅደም ስትወጣ የምትጠብቀው ጉልበት አይመጣም። ቱርቦ ያለው የናፍጣ መኪና በከፍታው ያን ያህል አይደክምም። ለዚህ ነው ያ ጭነት የጫነ መኪና እንደጠበቅከው ወደ ኋላ የማይቀርልህ።

ከጭነት መኪና ኋላ ስትሆን ተለጥፈህ አትሂድ። በተጠጋህ ቁጥር የምታየው ታርጋውንና ሸራውን ብቻ ነው፤ በየደቂቃውም አፍንጫህን እያወጣህ መመለስ ነው ሥራህ። ራቅ በል። እሱ ያለፈውን አንድ ዛፍ አንተ ከመድረስህ በፊት አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብለህ ረጋ ብለህ መቁጠር ከቻልክ ርቀቱ ጥሩ ነው። ከዚያ ላይ መንገዱ ከፊቱ ይታይሃል። ክፍት መሆኑን ስታይ በራስህ መስመር ላይ እያለህ ፍጥነት ጨምር፣ ስፖኪዮህን እይ፣ ፍሬቻ አብራ፣ ውጣ። ስፖኪዮውን ያልኩህ ካንተ ኋላ ያለው ቀድሞህ ወጥቶ ሊሆን ስለሚችል ነው። ከኩርባ በፊት፣ ከዳገት ጫፍ በፊት፣ ያልተቆራረጠ መስመር ባለበት ግን ከፊትህ ያለው በሬ እንኳ ቢሆን ጠብቅ።

አንዱ ሲወጣ ተከትሎ መውጣትን ደግሞ ርግፍ አድርገህ ተው። የመጀመሪያው መንገዱን አይቶ ነው የወጣው። ሁለተኛው የሚያየው የመጀመሪያውን ጀርባ ነው። የመጀመሪያው ቀኙን ይዞ ሲገባ ሁለተኛው ከአይሱዙ ግንባር ጋር ፊት ለፊት ነው።

የከባድ መኪና ሹፌሮች ፍሬቻም ይነሳ። ብዙዎቹ መንገዱ ክፍት ሲሆን በቀኝ ፍሬቻ «እለፍ»፣ መኪና ሲመጣ በግራ ፍሬቻ «ቆይ» ይላሉ። አንዳንዴ ረዳቱ ራሱ ክንዱን እስከ ብብቱ በመስኮት ያወጣል። መዳፉን ወደ ፊት ደጋግሞ ሲያውለበልብ «ና፣ ና» ማለቱ ነው፤ መዳፉን ወደ ታች ጫን ጫን ሲያደርግ «ቆይ»። በዚያ መንገድ ላይ ካሉ ደግነቶች አንዱ ነው። በተቻለህ ጊዜ ሁሉ ስታልፍ አንዴ አጭር ክላክስ አድርገህ አመስግናቸው። ግን የረዳቱ እጅ ወሬ ነው እንጂ ፈቃድ አይደለም። የግራ ፍሬቻው ወደ እርሻ መንገድ ሊታጠፍ ሊሆን ይችላል። የቀኙም ሊቆም ሊሆን ይችላል። ዓይንህ ያላየውን መንገድ በሰው እጅ አትውጣበት።

ከደብረ ብርሃን አልፈህ ወደ ሸዋ ሮቢት የምትወርድ ከሆነ ደግሞ ሌላ ትዕግሥት ያዝ። መንገዱ የሚያልፍበት የጣርማበር ዋሻ ከ3000 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት 1300 ሜትር ገደማ። ያን ሁሉ ቁልቁለት የጫነ ተሳቢ በዝቅተኛ ማርሽ፣ እያቃሰተ ነው የሚወርደው። ቀርፋፋ ሆኖ አይደለም። ፍሬኑን እየረገጠ ቢወርድ ፍሬኑ ይግላል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። ከኋላው ክላክስ የሚያደርገው ሰው ሳያውቀው «ፍሬንህን አቃጥል» እያለው ነው። ጉም ሲወርድማ እዚያ ዋሻ አካባቢ መቅደም የሚባል ነገር የለም።

እህቴ፣ ወዳንቺ ልመለስ። ወደ አዳማ በፈጣን መንገዱ የምትሄጂበት ቀን ከመጣ ጠባይሽን ቀይሪ። ያ መንገድ ሲመረቅ በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት መስመር ይዞ ነው የመጣው፤ ጣሪያው በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ነው። ተቃራኒ መኪና ስለሌለ ቀስ ማለት ማንንም ችግር ላይ አይጥልም፤ ቀኙን እስከያዝሽ ድረስ። ግራው መስመር የመቅደሚያ ነው። እዚያ ላይ 70 እየሄዱ ስልክ የሚያወሩ ሰዎች አሉ፤ እነሱን ነው እንጂ አንቺን አይደለም መሳደብ። እነሱ ግራውን ሲዘጉ የቸኮለው በቀኝ ያልፋል፣ በቀኝ ያለው ሳያየው ይወጣበታል። ሦስት መስመር እያለን እንደ አንድ መስመር እንጋጫለን።

«ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ?» ላልሽው እንግዲህ መልሴ ይኸው፦ በቀስታሽ አይደለም፣ በእልህሽ ግን ነሽ። ባለቤትሽም በችኮላው ነው። ማን ይብሳል ብለሽ ብትጠይቂኝ ባለቤትሽ ይብሳል፤ አንቺ እንኳ መልቀቅ ብቻ ነው የጎደለሽ።

«ለማጅ» የሚለውን አትለጥፊ። አራት ዓመት የነዳ ሰው ለማጅ አይደለም። ጽሑፉን አይቶ የሚታገሥሽ ይኖራል፤ «ይቺን በቀላሉ እቀድማታለሁ» ብሎ በማይሆን ቦታ የሚወጣም ይኖራል። ደግሞም የሆንሽውን እንጂ ያልሆንሽውን አትለጥፊ። በሱ ፋንታ የሚቀጥለው ጉዞ ዋዜማ ላይ ባለቤትሽን ከመኪናው ኋላ አቁሚውና ፍሬን ርገጪ፣ ቀኝ ፍሬቻ አብሪ፣ ግራ ፍሬቻ አብሪ። ከኋላሽ ያለው ሰው አሳብሽን የሚያውቀው በነዚያ መብራቶች ብቻ ነው። ብዙ መኪና ላይ አንዱ የፍሬን መብራት ጠፍቶ ባለቤቱ ሳያውቅ ወር ይነዳል። የተቃጠለ ካለ አምፖሉን ባለቤትሽ ይግዛ፤ ለሳቀብሽ ካሣ ይሁንሽ።